ስለ አኳማሪን ጠይቁኝ

አኳማሪን ሰማያዊ የጌጥ ድንጋይ ነው፤ እንዲህ ያለ ድንጋይ መቁረጥና መመርመር ሥራዬ ነው። የቡድናችን አባላት ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አኳማሪንን ከሰማያዊ ቶፓዝ በምን ልለየው?

መልስ፦ በዓይንህ አትመን። እኔም ጀማሪ ሳለሁ ጥርት ያለ ሰማያዊ ድንጋይ አይቼ ልቤ ደነገጠና ሳልለካ ገዛሁ፤ ቶፓዝ የሚባል ሌላ የጌጥ ድንጋይ ሆኖ አረፈው። ቶፓዝ ከውሃ 3.5 እጥፍ ይከብዳል፣ አኳማሪን 2.7 አካባቢ ነው። ሪፍራክቶሜትር፣ ማለትም ድንጋዩ ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያጥፍ የሚለካ መሣሪያ፣ ካለህ ነገሩ አለቀ፦ አኳማሪን 1.57 እና 1.58 ላይ ያነባል፣ ቶፓዝ ከ1.60 በላይ ይወጣል። ሳትለካ አትግዛ።

ጥያቄ፦ በእሳት የታከመ ነው አሉኝ። ልተወው?

መልስ፦ አትተወው። አኳማሪን ቤሪል ከሚባለው ማዕድን አንዱ ዓይነት ነው፣ ቀለሙን የሚሰጠው ብረት ነው። ከ400 እስከ 450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ቢጫው ይጠፋና ሰማያዊው ብቻ ይቀራል፣ ተመልሶም አይለወጥም።

ሌላ አባል፦ ታዲያ ይሄ ማታለል አይደል?

ሦስተኛ አባል፦ አረንጓዴው ኤመራልድ ስንጥቁ እንዳይታይ ዘይት ሲጠጣ ዝም ብለህ ለዚህ ትጮሃለህ? ለነገሩ እኔ አረንጓዴ የሚነካካውን አኳማሪን ነው የምወደው፤ አኳማሪን የሚለው ስም ራሱ የባሕር ውሃ ማለት ነው።

መልስ፦ ኤመራልዱን ለሌላ ቀን እናቆየው። ሻጩ መሞቁን ይናገር፣ በቃ። እኔን የሚያሳስበኝ ማሺሼ የሚባለው ቤሪል ነው። ሰማያዊው ጥልቅ ነው፣ ታዲያ ብርሃን ላይ ሲቆይ ይደበዝዛል። አኳማሪን በክሪስታሉ ርዝመት ሲታይ ፈዛዛ፣ በጎኑ ሲታይ ደመቅ ያለ ነው። ማሺሼ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሳትመረምሩ አትግዙ የምለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የየት አገር ይሻላል?

መልስ፦ ብራዚል፣ ፓኪስታን፣ ሞዛምቢክ፣ ናይጄሪያ፣ ማዳጋስካር ሁሉም ጥሩ አላቸው። «ሳንታ ማሪያ» ዱሮ ብራዚል ውስጥ የአንድ ቦታ ስም ነበር፣ አሁን ነጋዴው ጠቆር ያለውን ሁሉ እንዲያ ይለዋል። ድንጋዩን እንጂ ስሙን አትግዙ።

ጥያቄ፦ ሰማያዊ ድንጋይ አለኝ፣ ስንት ያወጣል?

መልስ፦ ክብደቱ ስንት ካራት ነው? ንጹሕ ነው? ተመርምሯል? ይህን ሳትነግረኝ ምን ልበልህ?

ጥያቄ፦ ትልቅ ነው እኮ!

መልስ፦ አኳማሪን ትልቅ መሆኑ ብርቅ አይደለም። አሜሪካ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ያለው ዶም ፔድሮ የተባለው አኳማሪን 10,363 ካራት ነው፣ ቁመቱ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ትንሽ ሆኖ ቀለሙ ጥልቅ የሆነ ማግኘት ነው ከባዱ።

ጥያቄ፦ በምን ላጥበው?

መልስ፦ ለብ ባለ ውሃና ሳሙና።

ጥያቄ፦ ከቶፓዝ በምን ይለያል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከላይ አንብብ። ለካ!