በኮሮና ጊዜ ነፍሰ ጡርና አራስ፦ ጠይቁኝ

ጎንደር ውስጥ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ኮሮና አገራችን መግባቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ ክትትል የሚያቋርጡ እናቶች አያለሁ። የቀሩት ያሳስቡኛል። ለዚህ ነው ጠይቁኝ ያልኩት።

ጥያቄ፦ ሰባት ወሬ ነው፣ አዘዞ ነው የምኖረው። ጤና ጣቢያ ሄጄ በሽታ ይዤ ከምመጣ ብቀርስ?

መልስ፦ አትቅሪ እህቴ። ፍርሃትሽ ይገባኛል። ግን ደም ግፊትሽ ከፍ ቢል ላይታወቅሽ ይችላል፤ የሚታወቀው ሲለካ ነው። ማስክሽን አድርጊ፣ የተጨናነቀ ባጃጅ አትግቢ፣ ስትመለሺ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ደም ከፈሰሰሽ፣ ከባድ ራስ ምታት ከያዘሽ፣ ዓይንሽ ብዥ ካለ፣ ፊትሽ ካበጠ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ቀጠሮ አትጠብቂ። ሌሊትም ቢሆን ነይ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ቤት ብትወልድስ? እናቴ ማዋለድ ታውቃለች።

መልስ፦ እናትህን አከብራለሁ ወንድሜ። ነገር ግን ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። እኛ ጋ ልጁ እንደተወለደ ደም እንዳይበዛ የሚያደርግ መርፌ ይሰጣል፤ ቤት ያ የለም። የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ስልክ ዛሬውኑ ያዝ። ለወላድ አምቡላንስ በነጻ ነው።

ጥያቄ፦ እናትየው ኮሮና ቢገኝባት ልጁን ይወስዱባታል?

መልስ፦ አይወሰድባትም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው አብረው እንዲሆኑና እንድታጠባው ነው። የሚያሰጋው ትንፋሿና እጇ እንጂ ወተቷ አይደለም። ማስክ ታድርግ፣ ልጁን ከመንካቷ በፊት እጇን ትታጠብ። እንገሩ እንዳይደፋ! በጣም ከደከማት በንጹሕ ሲኒ ይታለብና ጤነኛ ሰው ያጠጣው። አንዲት እናት ፈርታ ልጇን ዘመድ ጋ አስቀመጠችው። በዱቄት ወተት ቆይቶ በተቅማጥ ተዳክሞ መጣ። እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ያለቀኑ የተወለደ ከሆነማ የእናቱ ገላ ሙቀቱ ነው።

ጥያቄ፦ ለሕፃኑም ማስክ ይደረግለት?

መልስ፦ በፍጹም። ያፍነዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ አራስ ናት። ጠያቂ መመለስ ነውር አይሆንብኝም?

መልስ፦ እማማ፣ ገንፎው ይገንፋ፤ እሱን ማን ይከለክልዎታል። ጎረቤት ግን ከደጅ ሆኖ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይበልና ይመለስ። የሚያርሳት ሳል የሌለበት አንድ ሰው ይሁን። ሕፃኑን መሳም ይቅር። ቅቤም አያቅምሱት፣ እትብቱንም አይቀቡት። ክርስትናውን በጥቂት ቤተሰብ ያድርጉት፤ ድግሱ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ የአምስት ቀን ልጄ ያስነጥሰዋል። ኮሮና ይሆን?

መልስ፦ ማስነጠስ ብቻውን አያስፈራ። ጡት እምቢ ካለ፣ ሙቀቱ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ይዘሽው ሩጪ። ትንፋሹን ደግሞ ራስሽ መቁጠር ትችያለሽ። ሳያለቅስ፣ ተረጋግቶ ሲተኛ ሆዱን እያየሽ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ። 60 ከሞላ ድገሚና ቁጠሪ። አሁንም 60 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ መልሴን አትጠብቂ፣ ይዘሽው ውጪ።