ጥያቄና መልስ፦ በፖስታ የተላከ ውድ ዕቃ ሲጠፋ

ለዚህ ዕትም ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት አሜሪካ ሆነው በኢንተርኔት ከሚሸጡ አንባብያን ናቸው፤ አንዱ ብቻ ከአዲስ አበባ ነው። ከእርሱ በቀር ፖስታ ቤት ስንል የአሜሪካውን የሀገር ውስጥ አገልግሎት ማለታችን ነው።

ጥያቄ፦ ኤትሲ በተባለው የእጅ ሥራ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ የሀበሻ ቀሚስ እሸጣለሁ። 380 ዶላር የተከፈለበትን ቀሚስ በፕራዮሪቲ ሜይል ወደ ዳላስ ልኬ ነበር። ትራኪንጉ (ዕቃው የት እንደደረሰ የሚያሳየው መከታተያ) ከቆመ ቀናት አልፈዋል፤ «በጉዞ ላይ ነው፣ ይዘገያል» ከማለት ሌላ አይናገርም። ገዢዋ ገንዘቤን መልሺ ብላ ይዛኛለች። ከየት ልጀምር?
ገ.፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ገንዘቡን ዛሬውኑ አይመልሱ፣ ገዢዋንም ያለ መልስ አያቆዩ። ኤትሲ ላይ ገዢ ጉዳዩን ወደ ድርጅቱ ከመውሰዱ በፊት ለሻጩ ጽፎ 48 ሰዓት መጠበቅ አለበት። በዚያ ጊዜ ውስጥ «ለፖስታ ቤቱ አመልክቻለሁ፣ እስከዚህ ቀን ካልተገኘ ገንዘብዎን እመልሳለሁ» ብለው ቀን ቆርጠው ይጻፉላት። ቁርጥ ያለ ቀን የተነገረው ገዢ አብዛኛውን ጊዜ ይታገሣል።

ከዚያ በፖስታ ቤቱ ድረ ገጽ የእርዳታ መጠየቂያ ቅጹን ይሙሉ። ቅጹ ወደሚመለከተው የአካባቢ ፖስታ ቤት ይመራል፤ ጥግ ላይ ተረስቶ የተቀመጠ ካርቶን ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዚህ ነው። በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ ካልመጣ፣ ሁለተኛውን፣ የጠፋ ዕቃ ፍለጋ መጠየቂያውን ያስገቡ።

ይህን ሁለተኛውን ቅጽ አብዛኛው ሻጭ በችኮላ ያበላሸዋል። የዕቃው ዓይነት ሲጠየቅ «ሀበሻ ቀሚስ» ብሎ ያልፋል። አድራሻው የተላጠ ካርቶን መጨረሻው አትላንታ፣ ጆርጂያ የሚገኘው የጠፉ ዕቃዎች ማዕከል ነው። እዚያ ካርቶኑን ከፍቶ ከማመልከቻዎች ጋር የሚያመሳክረው ሠራተኛ ሀበሻ ቀሚስ ምን እንደሆነ ከየት ያውቃል? ነጭ ረጅም የጥጥ ቀሚስ፤ ከደረቱ እስከ ጫፉ በመስቀል ቅርጽ የወረደ አረንጓዴና ወርቃማ ጥልፍ ያለው፤ ቁመቱ 56 ኢንች፤ አብሮት አንድ ስስ ነጭ የትከሻ ልብስ ያለ፤ በቢጫ ወረቀት የተጠቀለለ፤ ካርቶኑ ቡናማ፣ 12 በ10 በ4 ኢንች። እንዲህ ተዘርዝሮ፣ ፎቶ ተያይዞ ነው የሚገባው። ማዕከሉ ባርኮድ ያለበትን ዕቃ 60 ቀን፣ የሌለበትን ደግሞ 30 ቀን ብቻ ስለሚያቆይ አይዘግዩ።

የካሣ ጥያቄው ሌላ መንገድ ነው፤ የፍለጋውን ውጤት አይጠብቅም። የላኩበት አገልግሎት ፕራዮሪቲ ሜይልም ሆነ ርካሹ ግራውንድ አድቫንቴጅ ከሆነ ከተላከበት ቀን ጀምሮ በ15ኛው ቀን ይከፈታል፣ በ60ኛው ይዘጋል። በፈጣኑ አገልግሎት በኤክስፕረስ የተላከ ከሆነ በ7ኛው ቀን ይከፈታል። «እየፈለግን ነው» የሚለውን ኢሜይል አምነው 60ውን ቀን የሚያሳልፉ ሻጮች ጥቂት አይደሉም። የሚያያይዙት ሁለት ነገር ነው፦ ኢንሹራንስ እንዳለው የሚያሳይ ደረሰኝ ወይም የሌብሉ (ካርቶኑ ላይ የሚለጠፈው የአድራሻ ወረቀት) ቅጂ፣ እና ዋጋውን የሚያሳይ የኤትሲ የሽያጭ ገጽ። ለገዢዋ ገንዘብ ከመለሱ የመለሱበትንም ይጨምሩ። ጥያቄዎ ውድቅ ከተደረገ ይግባኝ ለማለት 30 ቀን አለዎት፤ መጀመሪያ ውድቅ የሆነ ጥያቄ ጎድሎ የነበረ ወረቀት ተጨምሮበት የሚሳካበት ጊዜ አለ።

መራራው ነገር ይህ ነው፦ ከአገልግሎቱ ጋር አብሮ የሚመጣው ኢንሹራንስ 100 ዶላር ነው። ተጨማሪ ካልገዙ ከ380ው 100 ይመለስልዎታል። የኤትሲ የራሱ ጥበቃም እስከ 250 ዶላር ለሆነ ትዕዛዝ ነው፤ የእርስዎ ከዚያ በላይ ነው። ከእንግዲህ ከ100 ዶላር በላይ ለሆነ ዕቃ ሁሉ የጎደለውን ኢንሹራንስ መስኮቱ ላይ ወይም ሌብሉን ሲያትሙ ይግዙ፤ እስከ 5,000 ዶላር ይሸጥልዎታል።

ጥያቄ፦ በኢቤይ 900 ዶላር የሸጥኩት የወርቅ ሐብል «ደርሷል» ይላል። ገዢው ግን አልደረሰኝም ይላል። ፊርማ አልጠየቅሁም ነበር። ኢንሹራንሱ ይከፍለኛል?
ሰ.፣ አትላንታ

መልስ፦ ይከፍላል ብለው አይጠብቁ። ስካኑ «ደርሷል» ካለ ለፖስታ ቤቱ ዕቃው አልጠፋም። ቢሆንም በዚያው ቀን ገዢው አካባቢ ወዳለው ፖስታ ቤት ይደውሉና ተቆጣጣሪውን ያነጋግሩ። ፖስተኛው ዕቃውን ስካን ሲያደርግ መሣሪያው የቆመበትን ቦታ ይመዘግባል፤ የጎረቤት ደጅ ላይ ከሆነ ይታያል። ፖስተኛውም ትናንት የት እንዳስቀመጠው ያስታውሳል፤ ከሳምንት በኋላ ግን ከቶ አያስታውስም። አፓርታማ ከሆነ ገዢው የኪራይ ቢሮውንና የዕቃ ሎከሩን ይጠይቅ፤ የሎከሩ ቁልፍ የሌላ ሰው ፖስታ ሣጥን ውስጥ መግባቱ የተለመደ ነው። ተሰርቆ ከሆነ ለፖስታ ወንጀል መርማሪዎች ሪፖርት ያድርጉ፤ ሪፖርቱንም ገዢው ራሱ ቢያስገባ ይመረጣል።

ኢቤይ ላይ ግን ፊርማው ነው የሚወስነው። ዋጋው ከነመላኪያውና ከነታክሱ 750 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ፊርማ የሌለው «ደርሷል» ሻጩን አያድነውም። የክፍያ አገልግሎቱ ፔይፓልም ፊርማ የሚጠይቀው ከ750 ጀምሮ ነው። ገዢው አቤቱታ ሲከፍት መልስ ለመስጠት ያለዎት ሦስት የሥራ ቀን ብቻ ነውና ዝም አይበሉ፤ ዝም ካሉ ተሸንፈዋል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ወርቅ በምን ይላካል?

መልስ፦ በሬጅስተርድ ሜይል። እስከ 50,000 ዶላር ኢንሹራንስ ይገዛለታል፤ ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ቁጥር ተቀባዩ ሠራተኛ ፈርሞ ነው የሚረከበው። ሆፕ የተባለው ዝነኛ አልማዝ በ1958 እ.ኤ.አ. ከኒው ዮርክ ወደ ዋሽንግተኑ ስሚዝሶኒያን የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ወጪው 145 ዶላር ከ29 ሳንቲም ነበር፤ ከዚያ ውስጥ የመላኪያው 2 ዶላር ከ44 ብቻ ሲሆን ቀሪው ኢንሹራንስ ነው።

ቀርፋፋ ነው፤ ሁለት ሳምንት ሊፈጅ፣ ትራኪንጉም ለቀናት ሊቆም ይችላል። ይህን ለገዢው አስቀድመው ይንገሩት። ካርቶኑን ከመስኮቱ የሚያስመልሰው ደግሞ ፕላስተሩ ነው። ሠራተኛው ካርቶኑ በተዘጋበት መስመር ሁሉ ላይ ማኅተም ስለሚመታ ቀለም የሚይዝ ቡናማ የወረቀት ፕላስተር ያስፈልጋል። በሚያብረቀርቅ የላስቲክ ፕላስተር የታሸገ አይቀበሉም። ፖስታ ቤቱ በነፃ የሚሰጠው ካርቶን ራሱ ስለሚያብረቀርቅ በቡናማ ወረቀት ጠቅልለው ይውሰዱት። የግድ ለሠራተኛ በእጅ ነው የሚሰጥ፤ ሣጥን ውስጥ አይጣልም።

በግል አጓጓዡ በፌዴክስ መላክ ለሚያስቡ፦ እዚያ «ዋጋው ይህ ነው» ብለው የሚያስመዘግቡት ኢንሹራንስ አይደለም፤ ለጌጣጌጥም ወሰኑ 1,000 ዶላር ነው።

ጥያቄ፦ ትራኪንጉ «ሌብል ተዘጋጅቷል» ላይ ቀረ። እኔ ግን ሣጥን ውስጥ ከትቼዋለሁ።

መልስ፦ መረከቡን የሚያሳይ ስካን ከሌለ ዕቃውን ለፖስታ ቤቱ መስጠትዎን የሚያስረዳ ምንም የለም። ውድ ዕቃ መስኮት ላይ ሰጥተው፣ ትራኪንግ ቁጥሩና ክብደቱ ያለበትን ደረሰኝ ይቀበሉ። በአንድ ጊዜ ብዙ የሚልኩ ከሆነ ሁሉንም በአንድ ባርኮድ የሚያስረክብ የስካን ቅጽ ከሌብሉ ጋር ማተም ይቻላል። ያገለገለ ካርቶን ከተጠቀሙ አሮጌውን ባርኮድ ይቅደዱት፤ ማሽኑ እሱን ካነበበ ካርቶኑ ሌላ ከተማ ይዞራል። ውስጥም ሁለተኛ አድራሻ ያኑሩ።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ በፈጣኑ የፖስታ አገልግሎት በኢኤምኤስ ወደ ዋሽንግተን የላክሁት የሸማ ልብስ ጠፋ። ቀረጥ ፈርቼ የጉምሩክ ቅጹ ላይ 20 ዶላር ብዬ ነበር።
ተ.፣ ሽሮ ሜዳ

መልስ፦ ካሣው ቅጹ ላይ ከጻፉት ዋጋ ያልፋል ብለው አይጠብቁ፤ ቀረጥ ያዳነልዎ ወረቀት አሁን መልሶ ያስርዎታል። ፍለጋውን የሚጠይቀው ላኪው ነው፣ በላከበት ፖስታ ቤት፤ ጊዜው የተወሰነ ስለሆነ አይዘግዩ። ደረሰኙ ላይ ያለውን፣ በሁለት ፊደል ጀምሮ በኢትዮጵያ መለያ «ኢ ቲ» የሚያበቃውን ባለ 13 ምልክት ቁጥር በአሜሪካ ፖስታ ቤት ድረ ገጽም ያስገቡት። ዕቃው ጠፋ ከማለትዎ በፊት ጉምሩክ ይዞት እንዳይሆን ተቀባዩን ያስጠይቁ። ከኦገስት 29 ቀን 2025 ወዲህ አሜሪካ ከ800 ዶላር በታች ለሆነ ዕቃ ትሰጠው የነበረው ከቀረጥ ነፃ መብት ተነሥቷል።