የነቀዝ ክኒን በምንተኛበት ቤት

እህታለም፣ ከሐርቡ የጻፍሽውን አሁን አነበብኩት። በማሽላው ጆንያዎች መሃል የነቀዝ ክኒን አድርጋችሁ እዚያው እንደምትተኙ፣ ልጆቹን ጠዋት ጠዋት ራሳቸውን እንደሚያማቸውና እንደሚያቅለሸልሻቸው ነግረሽን «ከክኒኑ ይሆን?» ብለሻል። ሊሆን ይችላል። የቀረውን ከማንበብሽ በፊት በሩንም መስኮቱንም ክፈቺና ልጆቹን ይዘሽ ውጪ። ዛሬ ጎረቤት እደሩ። ልጆቹን አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ውሰጃቸው፤ «የእህል ክኒን ያለበት ቤት ነው የሚያድሩት» በያቸው።

እኛም ቃሉ ወረዳ እያለን እንዲሁ አድርገን ነበር። እናቴ ከገበያ በፌስታል የተቋጠረ፣ ምንም ጽሑፍ የሌለበት ክኒን ገዝታ፣ በነጠላ ቅዳጅ እየቋጠረች በየጆንያው ሸጎጠችው። ሌሊት ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ሸተተኝ፤ የማታው ወጥ መስሎኝ ተኛሁ። ሲነጋ ጆንያው ሥር የሚያድሩት ሦስት ዶሮዎች ሞተዋል። ታናሽ ወንድሜን ያስመልሰዋል። እናቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ጨመቀችለት፣ ጎረቤት ወተት አመጣ፤ እንዲህ ስንል ግማሽ ቀን ሄደ። ማርከሻ እንደሌለው የሰማሁት ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነው። ግሉኮስ ሰክተውለት ሲከታተሉት አደሩ፤ አልሐምዱሊላህ ተረፈልን።

ክኒኑ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። የአየር እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የሚባል መርዛም ጋዝ ያወጣል፤ 3 ግራም ከምትመዝን አንድ ፍሬ 1 ግራም ያህል ጋዝ ይወጣል። ጋዙ የሚሠራው አየር በማያስወጣ ነገር ሲታፈን ነው። ጆንያ ደግሞ ወንፊት ማለት ነው፤ ጋዙ ወደ እናንተ ይወጣል፣ ነቀዙም አይሞትም። ውሃ እንዳታፈሱበት፣ ጋዙን ያፋጥነዋል። ሽታው ጠፋ ብላችሁም እንዳትመለሱ። የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ ጥሩና ክኒኑ እንዴት እንደሚወጣ እሱ ያሳያችሁ።

ለማሽላው እኛ ዛሬ የምንጠቀመው ፒክስ ከረጢት ነው፤ ከውስጥ ሁለት ላስቲክ፣ ከውጭ አንድ ማዳበሪያ። አንድ በአንድ አጥብቀሽ ስታስሪው ነቀዙ ከረጢቱ ውስጥ ያለውን አየር ይጨርስና ያልቃል፤ መድኃኒት አይገባበትም። ግን እህሉ በጥርስ ሲነከስ ቀጭ እስኪል መድረቅ አለበት፣ አለዚያ ይሻግታል። አይጥ የበሳው ላስቲክም አይሆንም። እህሉ ጥቂት ከሆነ አያቶቻችን እንደሚያደርጉት ከጤፍ ጋር ቀላቅዪው፤ ጤፉ ክፍተቱን ሲሞላው ነቀዝ መላወሻ ያጣል፣ ኋላ በወንፊት ትለይዋለሽ።

ልጆቹ እንዴት እንዳደሩ ነገ በጠዋት ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።