ነፍሰ ጡሯን ከአውሮፕላን መለሷት፤ የትኬቱ ገንዘብስ?

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከፍኖተ ሰላም ነው። ባለቤቴ የ34 ሳምንት ነፍሰ ጡር ናት። አዲስ አበባ እናቷ ጋ ሄዳ እንድትወልድ ከባሕር ዳር የአውሮፕላን ትኬት ገዛሁላት። ነፍሰ ጡር መሆኗን ለትኬት ወኪሉ ስነግረው «ችግር የለውም» አለኝ። አየር ማረፊያ ስንደርስ ግን የሐኪም ወረቀት ካልያዘች አትሳፈርም አሉን። የክትትል ካርዷን ብናሳያቸውም አልተቀበሉንም። ትኬቱም ተቃጥሏል ተባልን። መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን በሰላም ቤቷ ገባች። ጥያቄዎን ግን ለሁለት ልክፈለው። አንዱ መከልከሏ ነው፤ ሌላው ገንዘብዎ መቅረቱ ነው።

በመከልከሏ ቢከሱ ብዙ የሚያዋጣዎት አይመስለኝም። አብዛኞቹ አየር መንገዶች ከ28 ሳምንት በኋላ የሐኪም ማረጋገጫ ይጠይቃሉ። አንድ ልጅ የያዘችና ሌላ ችግር የሌለባት እናት ባብዛኛው እስከ 36 ሳምንት ትሳፈራለች። መንታ ከሆነ 32 ላይ ያቆማሉ። ብዙ ሰው «አየር ያጥራታል ብለው ነው» ይላል። አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር እኮ ባብዛኛው ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው ነው። ባሕር ዳር 1,800 ገደማ ናት፤ ደብረ ማርቆስ ደግሞ 2,400 ገደማ። ማርቆስ ያደገች ሴት ዕድሜዋን ሙሉ የተነፈሰችው ያንኑ አየር ነው። የሚፈሩት ምጡን ነው። ሰማይ ላይ ማዋለጃ ክፍል የለም። የክትትል ካርዱም ምርመራ መከታተሏን እንጂ መብረር መቻሏን አይናገርም።

ገንዘቡ ላይ ግን የሚከራከሩበት ነገር አለዎት። ትኬት ውል ነው። አየር መንገዱ «ደንባችን ላይ ተጽፏል» ማለቱ አይቀርም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1686 ደግሞ አንዱ ወገን ለንግዱ ያወጣው ጠቅላላ ደንብ ሌላውን የሚያስገድደው፣ ያኛው ወገን አውቆ ከተቀበለው ወይም የመንግሥት አካል ያወጣው ወይም ያጸደቀው ከሆነ ነው ይላል። ስለዚህ ትኬቱን አውጥተው ያንብቡት። ስለ ነፍሰ ጡር የሚል ነገር አለበት? በስልክ የገዛ ሰው «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ተጭኖ ስለሚያልፍ ክርክሩ ይከብደዋል። እርስዎ የገዙት ከወኪል ነው፤ ጠይቀዋል፤ «ችግር የለውም» ተብለዋል። ትልቁ ነጥብዎ ይህ ነው። ግን በምን ያስረዳሉ? አብሮዎት የነበረ ሰው አለ? በቴሌግራም የተጻጻፉት ነገር አለ? ካለ እንዳያጠፉት።

የሚጠይቁት የትኬቱን ዋጋ፣ የመመለሻ ትራንስፖርትና ባሕር ዳር አድራችሁ ከሆነ የአልጋ ሒሳብ ነው፤ ሁሉም በደረሰኝ። ለመንገላታቱ የሞራል ካሳ ብዬ ተስፋ አልሰጥዎትም። የእኛ ሕግ የሞራል ካሳን የሚፈቅደው በግልጽ በደነገገው ቦታ ብቻ ነው። ፍርድ ቤት ከመሄድዎ በፊትም ለአየር መንገዱም ለወኪሉም በጽሑፍ ያመልክቱ። ቅጂው ላይ «ደርሶናል» ብለው ይፈርሙልዎ። በአንድ ትኬት ዋጋ ጠበቃ ቀጥሮ መመላለስ፣ እኔ ራሴ ጠበቃ ሆኜ እንኳ አልመክርም። ብዙው እንዲህ ያለ ነገር በደብዳቤ ያልቃል።

አሁንም መብረር ካሰበች ወረቀቱ ላይ ስንት ሳምንት እንደሆናት፣ መቼ እንደምትወልድ፣ አንድ ወይም መንታ መሆኑንና መብረር እንደምትችል ይጻፍ። ፊርማና ማኅተም አይርሱ። ወረቀቱ ለስንት ቀን እንደሚያገለግል አየር መንገዱን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ቆየት ካለ አይቀበሉትም። ቀኑ በእኛም በፈረንጅም አቆጣጠር ይሁን። «ስምንት ወሯ ነው» የሚባለው እዚያ አይሠራም፤ የሚቆጥሩት በሳምንት ነው። 36ኛው ሳምንት ደግሞ ሩቅ አይደለም። ካለፈ ሐኪሟ ባለበት ትውለድና እናቷ ወደ እናንተ ይብረሩ። እሳቸውን የሐኪም ወረቀት የሚጠይቃቸው የለም።