ስለ ዊካ የጠየቃችሁኝ

እንግሊዝ አገር ከመጣሁ 11 ዓመት ሆነኝ። ዊካ በሚባለው፣ ተፈጥሮን በሚያከብር የዘመናችን እምነት መኖር ከጀመርኩ ደግሞ ሰባት ዓመቴ ነው። ይህን ያወቁ ወገኖቼ ብዙ ይጠይቁኛል፤ አንዳንዱ ገርሞት፣ አንዳንዱ ፈርቶ። ስለ ሥነ ምግባሩና ስለ ሥርዓቱ የመጡትን ጥያቄዎች ሰብስቤ እዚህ እመልሳለሁ። ማንንም ልሰብክ አይደለም። ሰውን ወደ እምነቱ ለመሳብ መስበክ በእኛ ዘንድ ነውር ነው።

«እህቴ፣ ቅር አይበልሽና ጠንቋይ ሆንሽ ማለት ነው? ሰይጣንስ ታመልካላችሁ?»

ቅር አይለኝም። እኔም መጀመሪያ የጠየቅኩት ይህንኑ ነው። በዊካ እምነት ውስጥ ሰይጣን የሚባል የለም። የምናከብረው እንስት አምላክንና ቀንድ ያለውን ተባዕት አምላክ ነው። ቀንዱ ሲሰሙት ያስደነግጣል፤ ነገር ግን የደንና የዱር አራዊት ምልክት ነው። ነገሩን የሚያወሳስበው «ጠንቋይ» የሚለው ቃል ነው፤ ብዙዎቻችን ራሳችንን በእንግሊዝኛ «ዊች» እንላለን፣ በአማርኛ የሚተረጎመውም በዚሁ ቃል ነው። እኛ አገር ጠንቋይ ሲባል ብር ተቀብሎ፣ ገብስማ ዶሮ አስመጥቶ ዕጣ ፈንታ የሚናገር ሰው ነው ትዝ የሚለን። በዊካ ሥርዓት ዶሮም በግም አይታረድም።

የእምነቱ ዕድሜም ብዙ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ከ1735 እ.አ.አ. ጀምሮ የነበረው የጥንቆላ ሕግ በ1951 ተሻረ። ከሦስት ዓመት በኋላ ጄራልድ ጋርድነር የተባለ ጡረታ የወጣ የጉምሩክ ሠራተኛ ስለ እምነቱ በግልጽ መጽሐፍ አሳተመ። መስፋፋት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

«እንደ አሥርቱ ትእዛዛት ያለ ነገር አላችሁ?»

የለንም። ያለን አንድ ምክር ነው፦ «ማንንም የማይጎዳ ከሆነ፣ ፈቃድህን አድርግ።» በእንግሊዝኛ ስምንት ቃል ብቻ ነው። ዶሪን ቫሊየንቴ፣ የጋርድነርን የሥርዓት ጽሑፎች ያሳመረችው ሴት፣ በ1964 ባደረገችው ንግግር በአደባባይ ተናገረችው። «ሬድ» ይባላል። በድሮ እንግሊዝኛ ምክር ማለት ነው።

ሰው ሁሉ የሚቸኩለው «ፈቃድህን አድርግ» የሚለው ላይ ነው። ከባዱ ግን የመጀመሪያው ግማሽ ነው። «ማንንም» ሲባል ራስንም ይጨምራል። እንቅልፍ አጥቶ፣ ሰውነትን በድሎ ለሌላው መሮጥም ጉዳት ነው።

እዚህ ላይ አማርኛችን ጠቅሞኛል። «ፈቃድ» ስንል የራሳችንን መሻት ማለታችን ነው። ከሌላ ሰው የምንጠይቀው ይሁንታም ያው ፈቃድ ነው። እንግሊዝኛው ለሁለቱ የተለያየ ቃል አለው። እኔ ግን ምክሩን በአማርኛ ሳስበው ሁለቱ አይለያዩብኝም። የእኔ ፈቃድ የሌላው ፈቃድ ጋ ሲደርስ ይቆማል። በዊካ ያየሁት ወግና ደንብ ሁሉ፣ የሰውን የሥርዓት ቢላዋ ሳይጠይቁ እስካለመንካት ድረስ፣ ከዚህ የሚወጣ ነው።

«የሠሩት ሥራ ሦስት እጥፍ ይመለሳል የሚባለውስ?»

የሚያምንበት አለ፣ የማያምንበትም አለ። እኔ ብዙ አልደገፍበትም። ቅጣት ፈርቶ ሰውን አለመጉዳት ጥሩ ነው፤ ሰውየውን አስቦ መተው ግን ይበልጥብኛል።

«አንድ ልጅ እወዳለሁ። እሱ ግን ልብ አላለኝም። መስተፋቅር ቢጤ ትሠሪልኛለሽ?»

አልሠራልሽም፣ የኔ እህት። ጨክኜብሽ አይደለም። ሳያውቅ ልቡ እንዲታሰር የተደረገበት ሰው ፈቃዱን ተነጥቋል። ድፍረት እንድታገኚ ለራስሽ ሻማ አብርተሽ መለመን ትችያለሽ። ከዚያ ሄደሽ «ቡና እንጠጣ» በይው።

ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ ይህ ለመልካም ነገርም መሥራቱን ነው። ሰው ሲታመም በእኛ ቡድን መጀመሪያ ደውለን «ክበብ ውስጥ እናስብሽ ወይ?» ብለን እንጠይቃለን፤ ክበብ የምንለው ሥርዓቱን ለማድረግ ዙሪያውን የምናሰምረውን ቦታ ነው። አንድ ጊዜ አንዲት ክርስቲያን የሥራ ባልደረባዬን ጠየቅኳት። «አይ፣ አመሰግናለሁ፤ የራሴ ጸሎት ይበቃኛል» አለችኝ። ሾርባ ሠርቼ ወሰድኩላት። ሻማ አላበራሁም።

«ሥርዓታችሁ ላይ በእንግድነት ተጠርቻለሁ። ምን ላድርግ? ምንስ አላድርግ?»

ስልክህን አጥፋ። ፎቶ አታንሳ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ዕቃ ሳትጠይቅ አትንካ፤ በተለይ «አታሜ» የሚሉትን፣ እጀታው ጥቁር የሆነውን ቢላዋ። ብዙዎች ምንም አይቆርጡበትም። ክበቡን በአየር ላይ የሚያሰምሩበት ነው። ክበቡ ውስጥ ስትንቀሳቀስ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ወደ ቀኝ ዙር። ያልገባህን ግን ሲያልቅ ጠይቅ።

ዋናው ነገር ክበቡ ከተሰመረ በኋላ ዝም ብሎ አለመውጣት ነው። እኔ የመጀመሪያ ቀኔን አልረሳውም። ክፍሉ ጠባብ ነበር፣ ዕጣኑም በዛብኝ፣ ራሴን አዞረኝ። ወደ በሩ ስራመድ አንዲት እናት ክንዴን ቀስ አድርጋ ያዘችኝ። የምትመራን ሴትዮ ቢላዋዋን አንሥታ መጣች። ጫፉን ከወለሉ አጠገብ ጀምራ ወደ ላይ ወሰደችው፣ ከራሴ በላይ አሻገረችው፣ በሌላው ወገን ወደ ታች አወረደችው። በአየር ላይ በር ሠራችልኝ ማለት ነው። «ውጪ፣ የኔ ልጅ፤ ስትመለሺ እከፍትልሻለሁ» አለችኝ። ደጅ ቆሜ ውኃ ጠጣሁ። ስመለስም ከፈተችልኝ። አልተቆጣችኝም። መውጣት ሁልጊዜ ይቻላል፤ ማሳወቅ ብቻ ነው።

መጨረሻ ላይ ጽዋና ዳቦ ይዞራል። ጽዋ ማኅበር ያየ ሰው አይከብደውም። አልኮል የማትጠጣ ከሆነ ጽዋውን ከንፈርህ አድርሰህ ማሳለፍ ወይም ጭማቂ መጠየቅ ነውር የለውም።

«ራቁት ነው የሚኮነው ይባላል፤ እውነት ነው?»

በጋርድነር መስመር ያሉ ቡድኖች እንደዚያ ያደርጋሉ። እኛ ቀሚስ እንለብሳለን። የትኛውም ይሁን፣ ለእንግዳ አስቀድሞ መነገር አለበት። ሳይነግሩሽ «አውልቂ» ቢሉሽ ጫማሽን አድርገሽ ውጪ። ለመቀበያ ሥርዓት ገንዘብ ወይም ገላ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠመሽም እንደዚሁ። በደንቡ ሰው አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ተምሮ ነው የሚገባው። የሚያጣድፍሽን አትመኚው።

«ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ባልደረባዬ አንገቷ ላይ የዊካን ምልክት፣ ክብ ውስጥ ያለ ኮከብ፣ አየሁ። ለአለቃችን ልንገር?»

በፍጹም። የሌላውን ሰው እምነት ያለ ፈቃዱ ማውጣት በእኛ ዘንድ ከባድ በደል ነው። በዚህ ምክንያት ሥራውን ያጣ ሰው አውቃለሁ። ሕጉም ከእሷ ጋር ነው። በ1986 ከዚያው ከቨርጂኒያ የመጣ የአንድ እስረኛ ክስ ላይ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ዊካ ሃይማኖት ነው ብሏል። ከ2007 ጀምሮም ያ ኮከብ በአሜሪካ ወታደሮች መቃብር ላይ እንዲቀረጽ ተፈቅዷል። ካጓጓሽ እሷን ራሷን ጠይቂያት። ካልፈለገች ተያት።

«ጎረቤቴ ለኦክቶበር 31 ማታ ጠርታኛለች። ባዶ እጄን መሄድ ከበደኝ።»

ያ ቀን «ሳወን» ይባላል። ሙታን የሚታሰቡበት ነው። ዳቦ ይዘሽ ሂጂ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ድፎ ዳቦ ጋግሬ ወሰድኩ። ኮባ ስላጣሁ በወረቀት ነው የጋገርኩት። ክበቡ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው የሞተበትን ሰው ስም እየጠራ ቆረሰ። ተራዬ ሲደርስ የአያቴን ስም ጠራሁ። አጠራሩ ቢከብዳቸውም፣ አንድ በአንድ ደገሙልኝ።