መስቀሉ ከግድግዳው ይውረድ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሐዋሳ ውስጥ የካቶሊክ ደናግል በሚያስተዳድሩት የሕፃናት መመገቢያ ማእከል በሒሳብ ሠራተኝነት ስሠራ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ፕሮቴስታንት ነኝ። በቅርቡ አንድ ረጂ ድርጅት በእንግዳ መቀበያችን የተሰቀለው መስቀል እንዲወርድና የጠዋቱ ጸሎት እንዲቀር ጠየቀ። ሲስተር እምቢ አሉ፤ ገንዘቡም ቀረ። እውነት ለመናገር ተናድጃለሁ። ሁሉንም የሚያገለግል ቤት የአንድ ሃይማኖት ምልክት ለምን ይሰቅላል? ነገ እኔስ በእምነቴ ምክንያት ልባረር እችላለሁ?

የሒሳብ ሠራተኛዋ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ልጄ፣ በንዴትሽ አልፈርድም። እጅ ሊገባ የደረሰ ገንዘብ ሲያመልጥ የሒሳብ ሰው ካልተናደደ ማን ይናደዳል? ነገር ግን እኔ ከሲስተር ጋር ነኝ።

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት እዚያው ሐዋሳ፣ ተመሳሳይ ቤት ውስጥ ዱቄትና ዘይት አከፋፍል ነበር። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ማንም ምን ነህ ብሎኝ አያውቅም። አንድ ጠዋት ልጅ ያዘለች ሴት ተራዋ ደረሰ። ባንገቷ መስቀል ያለው መቁጠሪያ አጥልቃለች። ስሟን ስትነግረኝ ሙስሊም መሆኗ ታወቀና ደነገጠች። ለካ መቁጠሪያው ከጎረቤት የተዋሰችው ኖሯል፤ “ያለዚህ አይሰጡሽም” ብለዋታል። የእኛ ቤት ሲስተር መቁጠሪያውን ቀስ ብለው ከአንገቷ አወጡና በመሐረብ ጠቅልለው እጇ ላይ አኖሩላት። “ለባለቤቷ መልሺላት፣ ትጸልይበታለች” አሏት። ወደ እኔ ዞር ብለውም “ልኩ ያው ነው፤ ስፈርላት” አሉኝ።

ይህን ያደረጉት ካቶሊክነታቸውን ረስተው አይደለም። ቤተ ክርስቲያናቸው እንዲሁ ነው የምታስተምረው። የካቶሊክ ጳጳሳት የተሰበሰቡበት ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ሃይማኖት ነጻነት ባወጣው መግለጫ፣ እምነትን ሲያስፋፉ በተለይ ድሆችንና ያልተማሩትን ማስገደድም ሆነ በማይገባ መንገድ ማግባባት እንደማይፈቀድ ተናግሯል። የካቶሊክ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት የነበሩት ቤነዲክቶስ 16ኛም በ2005 እ.ኤ.አ. ምጽዋት ሰውን ወደ ሃይማኖት መሳቢያ እንዳይሆን ጽፈዋል። እኚሁ አባት በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጡት ደንብ ደግሞ፣ የበጎ አድራጎት ሠራተኞች የተቋሙን ካቶሊካዊ ማንነት የሚጋሩ “ወይም ቢያንስ የሚያከብሩ” እንዲሆኑ አዘዋል። ያቺ “ወይም” ያንቺ ወንበር ናት። ዓላማው ከቤተ ክርስቲያኒቱ ትምህርት ጋር ከሚጋጭ ወገን ገንዘብ መቀበልን የሚከለክለውም ይኸው ደንብ ነው። የእናንተ ረጂ ዓላማው ምን እንደሆነ ከደብዳቤሽ አልገባኝም፤ ጸሎት ይቅር ብሎ መጀመሩ ግን ደህና አመጣጥ አይመስለኝም።

ክርክሩ የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የዊስኮንሲን ግዛት አንድን የካቶሊክ በጎ አድራጎት ድርጅት “አትሰብኩም፣ ሁሉንም ያለ ልዩነት ትረዳላችሁ፤ ስለዚህ ሥራችሁ ሃይማኖታዊ አይደለም” ብሎ የሃይማኖት ተቋማት የማይከፍሉትን የሥራ አጥነት መድን መዋጮ እንዲከፍል ወስኖበት ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. በዘጠኝ ዳኞች ሙሉ ድምፅ ውሳኔውን ሻረው። ነገሩን ተመልከች፦ ቢሰብኩ አድልዎ፣ ባይሰብኩ ሃይማኖት የለሽ! የት ይግቡ?

ስለ መባረር የጠየቅሽኝ አጭር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሃይማኖትን ውል ለማቋረጥ በቂ ምክንያት አያደርገውም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 እምነትሽን በኃይል ከማስለወጥ ይጠብቅሻል፤ የደናግሉንም እምነታቸውን በተግባር የመግለጽ መብት የሚጠብቀው ያው አንቀጽ ነው። በጠዋቱ ጸሎት ላይ ስም እየተጠራ የቀረ ሰው የሚቀጣ ከሆነ ግን መልሰሽ ጻፊልኝ፤ ያን ጊዜ ካንቺ ጋር ነኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅሽ። ወጥ ቤታችሁ ሥጋ ይሠራል? በእኛ ጊዜ አይሠራም ነበር። በሬውን ማን ባረከው የሚል ጥያቄ ሕፃን ከገበታ እንዳያስነሣ ሲባል ዓመቱን ሙሉ ሽሮና ምስር ነበር። ልጆቹ ምስር ሰልችቷቸው ያጉረመርሙ ነበር፤ እኔም አብሬ። ለሚቀጥለው ረጂ ማመልከቻ ስታዘጋጂ የምስሩን ወጪ ለብቻው አውጥተሽ፣ ለምን ምስር እንደሆነ ከሥሩ ሁለት መስመር ጻፊበት።