መልስ፦ የቦርድ ሌየሮች ተደራርበው ሲያስቸግሩ

ወንድሜ፣ «ገርበር ፋይል ስከፍት ሌየሩ ሁሉ ተደራርቦ ግራ ያጋባኛል፣ መቆጣጠሪያው ቢሻሻል» ያልከው ልክ ነው። (ገርበር የኤሌክትሮኒክስ ሰርኪዩት ቦርድ የሚታተምበት የሥዕል ፋይል ነው፤ ሌየር ደግሞ እያንዳንዱ የሥዕሉ ንብርብር።) እስከዚያው ኪካድ ከሚባለው የቦርድ መንደፊያ ሶፍትዌር ጋር በሚመጣው የገርበር ማያ፣ በገርብቪው፣ የሌየር ዝርዝሩ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርግ። ከመረጥከው በቀር ሁሉንም የሚደብቅ ትእዛዝ አለው።

እኔ ቱሉ ዲምቱ ባለችኝ የጥገና ክፍል መጀመሪያ ኮፐሩን (የመዳቡን ሌየር) እና ሶልደር ማስኩን (ቦርዱን የሚሸፍነውን የመከላከያ ቀለም ሌየር) ብቻ አስቀራለሁ። ማስኩ ላይ የተሳለው ቅርጽ ቀለም የማይቀባው ክፍት ቦታ ነው፤ ብዙ ሰው ገልብጦ ያነበዋል። ባለፈው አንድ የቻርጀር ቦርድ ላይ ክፍት ያልተተወለት ፓድ (ዕቃ የሚበየድበት የመዳብ ቦታ) ያገኘሁት እንዲህ ነው። እንዳለ ቢታተም ኖሮ ብየዳው አይዝም ነበር።

በጣም የምመኘው ግን የሌየር ጥምረትን በስም አስቀምጦ በአንድ ክሊክ መመለስን ነው። የኪካድ ሠሪዎች ጥያቄ በሚቀበሉበት ድረ ገጽ፣ በጊትላብ፣ ስትጽፍላቸው ይህን ጨምርልን፤ እኔም ከሥር እደግፍሃለሁ።